የጂሚ ሄንድሪክስ ሕይወትና አራቱ ሸክላዎቹ

የሮክ ሙዚቃ ወዳጆች በተሰበሰቡበት ስፍራ ሁሉ አንድ ማለቂያ የሌለው ክርክር አለ። ይኸውም ከየዓመቱ አንዳንድ ሸክላ ብቻ ምረጡ ሲባል የሚነሣው ነው። ከ1967 የትኛው ይሻላል? ከ1968ስ? ከ1970ስ? አንዱ የቢትልስን ያነሣል፤ ሌላው የቦብ ዲላንን ይጠራል፤ ሦስተኛው ሁለቱንም አጣጥሎ የራሱን ያቀርባል። ምሽቱ ያልቃል፤ ክርክሩ ግን አያልቅም። ስመ ጥሩው ጊታር መቺ ጂሚ ሄንድሪክስ የተነሣ እንደ ሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ተከራካሪዎቹ አንድ ስም እየጠሩ፣ ሳያውቁት፣ ስለ ተለያዩ ሸክላዎች ሲናገሩ ይገኛሉና።

ከቀድሞ ሥራዎቹ ተለቅመው የታተሙትንና ከሌሎች ጋራ በቅንጅት የወጡትን ሳንቆጥር፣ ሄንድሪክስ በሕይወቱ ሳለ የወጡለት ዐበይት ሸክላዎች አራት ብቻ ናቸው። ሦስቱ በስቱዲዮ የተሠሩ ናቸው፤ አንዱ በሕዝብ ፊት ሲጫወት የተቀዳ ነው። ለሥራው ያገኘው ጊዜም አጭር ነበር። ሎንዶን ከገባበት ከሴፕቴምበር 24 ቀን 1966 አንሥቶ እስከ ሞተበት እስከ ሴፕቴምበር 18 ቀን 1970 ድረስ አራት ዓመት እንኳ አይሞላም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) አንድ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ዲግሪውን እስኪይዝ የሚፈጅበትን ጊዜ ያህል ማለት ነው። ታዲያ በዚህች አጭር ዘመን ከተሠሩት አራት ሥራዎች የትኛው ይበልጣል? ብይን ከመስጠታችን በፊት እያንዳንዱ ሸክላ እንዴት እንደ ተሠራ፣ በተለይም ወሳኙ ሰው ማን እንደ ነበረ ማየት ይገባናል። ለዚህም የሰውየውን ሕይወት ከሥሩ መጀመር ያስፈልጋል።

ጂሚ ሄንድሪክስ በኖቬምበር 27 ቀን 1942 በአሜሪካ አገር በሲያትል ከተማ ተወለደ። በተወለደ ጊዜ አባቱ አል ሄንድሪክስ ወታደር ሆኖ ከቤቱ ርቆ ነበር፤ እናቱ ሉሲል ገና የ17 ዓመት ልጅ ነበረች። መጀመሪያ የወጣለት ስም ጆኒ አለን ነበር፤ አባቱ ከጦር ሠራዊቱ ከተመለሰ በኋላ በ1946 ጄምስ ማርሻል ብሎ ለወጠው። ቤቱ የድኻ ቤት ነበር። ወላጆቹ በ1951 ተፋቱ፤ ልጁም ከአንዱ ዘመድ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው እየተዘዋወረ አደገ። እናቱም በ1958 ሞተች።

ጊታር ከማግኘቱ በፊት መጥረጊያ እንደ ጊታር ታቅፎ ይጫወት እንደ ነበር ይነገራል። ኋላም አባቱን በሥራ ሲያግዝ፣ ከተጣለ ዕቃ መካከል አንዲት ክር ብቻ የቀረቻት ዩኩሌሌ አገኘ። ዩኩሌሌ ማለት አራት ክር ያላት ትንሽ የጊታር ዓይነት መሣሪያ ናት። ልጁ ግን ሦስቱ ጐደሉ ብሎ አልጣላትም፤ እንደ መሰንቆ በቀረችው በአንዲቱ ክር የሰማውን ዜማ ሁሉ እየተከተለ ይለማመድባት ጀመር። እናቱ በሞተችበት በ1958 ደግሞ በአምስት ዶላር የተገዛ አሮጌ ጊታር እጁ ገባ። ግራኝ ስለ ነበረ ለቀኝ እጅ የተሠራውን ጊታር ገልብጦ፣ ክሮቹን ፈትቶ ለራሱ በሚመች ተራ ይወጥራቸው ነበር። ይህንንም ልማድ እስከ ዕለተ ሞቱ አልተወውም።

ኖታ ማንበብ አልተማረም። መምህሮቹ የማዲ ዋተርስ፣ የቢ.ቢ. ኪንግና የሃውሊን ዎልፍ ሸክላዎች ነበሩ። አንዱን የጊታር ሐረግ እጁ እስኪለምደው ድረስ ደጋግሞ ይሰማል፤ ከዚያ ይሞክራል፤ ሲሳሳት እንደ ገና ይሰማል። እንግዲህ ለሄንድሪክስ ሸክላ መምረጥ ማለት ከማን ልማር ብሎ መምህር መምረጥ ነበር። ይህን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

በ1961 በተሰረቀ መኪና ውስጥ ሁለት ጊዜ በመያዙ እስር ቤት ከመግባትና ወታደር ከመሆን አንዱን እንዲመርጥ ሆነ። ውትድርናውን መርጦ በኬንታኪ በሚገኘው በፎርት ካምቤል ጦር ሰፈር ከ101ኛው አየር ወለድ ክፍለ ጦር ጋራ በፓራሹት መዝለል ተማረ። ወታደርነቱ ግን ብዙ አልሰመረለትም፤ ልቡ ጊታሩ ላይ ነበርና በ1962 ተሰናበተ። ከጦር ሰፈሩ ያተረፈው አንድ ትልቅ ነገር ቢኖር ቤዝ ጊታር የሚመታውን ቢሊ ኮክስን ማወቁ ነው። ይህ ወዳጅነት እስከ መጨረሻው ዓመት ጸንቷል።

ከዚያ በኋላ ያሉት አራት ዓመታት የመንከራተት ዓመታት ናቸው። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ደቡብ ጥቁሮችና ነጮች በሕግና በልማድ ተለያይተው ይኖሩ ስለ ነበር፣ የጥቁር ሙዚቀኞች የሚጫወቱባቸው የጥቁሮች ቲያትር ቤቶችና ክለቦች ነበሩ። ሄንድሪክስ በእነዚህ ስፍራዎች እየዞረ ዘፋኞችን ያጅብ ነበር። ከአይዝሊ ብራዘርስ ጋራ ሠራ፤ ከሊትል ሪቻርድም ጋራ ሠራ። የአጃቢ ወግ ደግሞ የታወቀ ነው፤ አንድ ዓይነት ልብስ መልበስ፣ ከኋላ መቆም፣ ከዋናው ዘፋኝ ይልቅ ዓይን አለመሳብ። ይህ የመጨረሻው ለእርሱ ፈጽሞ አልሆነለትም። ቢሆንም ምት መጠበቅን፣ ዘፋኝን መደገፍን፣ ሕዝብን መያዝን የተማረው በዚሁ በአጃቢነቱ ዘመን ነው።

በኦክቶበር 1965 ኒው ዮርክ ሳለ ከርቲስ ናይት ከሚባል ዘፋኝ ጋራ ይጫወት ነበር። በዚያን ጊዜ ኤድ ቻልፒን የሚባል ሰው አንድ ውል አቀረበለት። ውሉ ለሦስት ዓመት የሚያስር ሲሆን፣ የሚከፈለው አንድ ዶላርና ከሽያጩ ከመቶ አንድ እጅ ነበር። ሄንድሪክስ ፈረመ። የሚበላው ያጣ ወጣት ወረቀት አይመረምርም። ይሁን እንጂ ያች ፊርማ ከዚያ ወዲያ በሠራው ሁሉ ላይ ጥላዋን ጣለች፤ ከአራቱ ሸክላዎች አንዱም የተወለደው ከእርስዋ ነው።

በ1966 ሄንድሪክስ በኒው ዮርክ ግሪኒች ቪሌጅ በሚባለው ሰፈር፣ ካፌ ዋ በተባለ ትንሽ ቤት፣ የራሱን ጓድ ይዞ መጫወት ጀመረ። ሊንዳ ኪት የምትባል እንግሊዛዊት ሞዴል ሰማችውና ችሎታው አስደነቃት። አኒማልስ ለሚባለው የእንግሊዝ ጓድ ቤዝ ጊታር ይመታ ለነበረው ለቻስ ቻንድለርም ነገረችው። ቻንድለር በዚያን ወቅት ከጓዱ ወጥቶ ፕሮዲዩሰር ለመሆን ያስብ ነበር። መጥቶ ሰማው፤ ሳይውል ሳያድርም ወደ ሎንዶን እንዲሄድ አግባባው። ሎንዶን እንደ ደረሱ ኖኤል ሬዲንግን ለቤዝ፣ ሚች ሚቸልን ለድራም ይዘው የሦስት ሰው ጓድ አቋቋሙ። አገሩ ያላወቀው ሰው በባዕድ አገር በሦስት ወር ውስጥ ስሙ ተጠራ። በዲሴምበር 1966 የወጣው ሄይ ጆ የተባለው ነጠላ ሸክላ በእንግሊዝ አገር ስድስተኛ ደረጃ ድረስ ወጣ።

የመጀመሪያው ትልቅ ሸክላ አር ዩ ኤክስፒሪየንስድ በእንግሊዝ የወጣው በሜይ 12 ቀን 1967 ነው። እዚህ ላይ ወሳኙ ቻንድለር ነበር። ገንዘቡ ጥቂት፣ የስቱዲዮ ኪራዩም ውድ ስለ ነበር፣ ዘፈኑ በቤት ተለማምዶ ካለቀ በኋላ ተገብቶ ቶሎ ተቀድቶ ይወጣ ነበር። ዘ ዊንድ ክራይስ ሜሪ የተባለው ዘፈን በሌላ ሥራ መጨረሻ በተረፈች ሃያ ደቂቃ ያህል ጊዜ እንደ ተቀዳ ቻንድለር ተርኳል። እንዲህ ያለው ችኰላ በአንዳንድ ሰው ላይ ሥራን ያበላሻል፤ በሄንድሪክስ ላይ ግን ሥራውን አጠበቀው። ከሸክላው ላይ ትርፍ ነገር የለም። ሸክላውም ሁለተኛ ደረጃ ድረስ ደርሶ ቆመ፤ ወደ አንደኛነት እንዳይወጣ ያገደው የቢትልስ ሳርጀንት ፔፐር ነበር።

ስለዚህ ስለ 1967 የሚከራከሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ሁለቱን ያፋጥጣሉ፤ ሳርጀንት ፔፐር ወይስ ሄንድሪክስ? ሄንድሪክስ ራሱ ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ የሚደነቅ ነው። የቢትልስ ሸክላ በይፋ የወጣው ጁን 1 ቀን ሲሆን፣ ሄንድሪክስ በሦስተኛው ቀን፣ ማለት ጁን 4፣ በሎንዶን በሳቪል ቲያትር ትርኢቱን የከፈተው በዚያው በአዲሱ ሸክላ መክፈቻ ዘፈን ነበር። ፖል ማካርትኒና ጆርጅ ሃሪሰን ከተመልካቾቹ መካከል ተቀምጠው ነበር። እንግዲህ ሌላው ሰው የትኛው ይበልጣል እያለ ሲከራከር፣ ተፎካካሪ የተባለው ሰው የተፎካካሪውን ሥራ አጥንቶ በእጁ ይዞ መጣ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ በመግቢያው ላይ ወዳነሣነው ነገር እንምጣ። በእንግሊዝ አገር በነጠላ የወጣን ዘፈን በትልቁ ሸክላ ላይ ደግሞ አለማተም የተለመደ ነበር። ስለዚህ ሄይ ጆ፣ ፐርፕል ሄዝና ዘ ዊንድ ክራይስ ሜሪ በእንግሊዙ እትም ላይ የሉም። በኦገስት 1967 በአሜሪካ በወጣው እትም ግን ሦስቱም ገቡ፤ በእነርሱም ምትክ ሬድ ሃውስ የተባለውን ብሉዝ ጨምሮ ሦስት ሌሎች ዘፈኖች ተነሡ። የዘፈኖቹም ተራ ተለወጠ። እንግዲህ አንዱ ተከራካሪ በሬድ ሃውስ ሲምል፣ ሌላው በፐርፕል ሄዝ ሲምል፣ ሁለቱም እውነት ይናገራሉ፤ የያዙት ሸክላ ግን አንድ አይደለም። ከ1990ዎቹ ወዲህ ሁሉን አንድ ላይ የያዘ እትም ስለ ወጣ፣ ዛሬ በስልካችን የምንሰማው ሦስተኛ ዓይነት ነው። አስቀድሞ የትኛውን እትም እንደ ያዙ መጠያየቅ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

በጁን 18 ቀን 1967 ሄንድሪክስ በካሊፎርንያ በሞንተሬይ በዓል ላይ ተጫውቶ በመጨረሻው ጊታሩን በእሳት አቃጠለ። የተወለደበት አገር ያወቀው በዚያች ሌሊት ነው። እሳቱ ግን እዳም አመጣበት፤ ከዚያ ወዲያ ሕዝቡ ሙዚቃውን ከመስማት ይልቅ መቼ ያቃጥላል እያለ ይጠብቅ ጀመር።

ሁለተኛው ሸክላ አክሲስ ቦልድ አዝ ላቭ በዲሴምበር 1 ቀን 1967 ወጣ። ሁለት ሸክላ በአንድ ዓመት እንዲወጣ ውል ያስገድድ ነበርና እዚህ ላይ ወሳኙ የቀን መቍጠሪያው ሆነ። ሥራው ሊያልቅ በተቃረበ ጊዜ ሄንድሪክስ የመጀመሪያውን ገጽ ዋና ቴፕ ታክሲ ውስጥ ረስቶ ወረደ፤ ቴፑም አልተገኘም። ቀኑ ስለ ደረሰ ሄንድሪክስ፣ ቻንድለርና የድምፅ መሐንዲሱ ኤዲ ክሬመር በአንድ ሌሊት የገጹን ድምፅ እንደ ገና አመጣጥነው ሠሩት። አንዱ ዘፈን አልሳካ ቢላቸው ኖኤል ሬዲንግ ቤቱ ያስቀመጠውን ቅጂ አመጡ፤ ቅጂውም ተጨማድዶ ስለ ነበር በካውያ ተኩሰው እንዳቀኑት ይተረካል።

ሽፋኑም ሌላ ታሪክ አለው። ከሄንድሪክስ አያቶች መካከል ቀይ ህንዶች የሚባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ዘር እንደ ነበረ በቤተ ሰቡ ይነገር ነበር፤ እርሱም በሽፋኑ ላይ ይህ እንዲታይ ይወድ ነበር። ሳይጠይቁት የታተመው ግን የእስያዋ ህንድ የአማልክት ሥዕል ነበር። ህንድ ሲባል ህንድ ተሳስተው ማለት ነው። ሆኖም በዚህ ሸክላ ላይ ሊትል ዊንግ የመሰለ፣ ሦስት ደቂቃ የማይሞላ ግን በአሳብ የተሞላ ዘፈን አለ። ሄንድሪክስ ጩኸት ብቻ ያውቃል ለሚሉ ሰዎች ይህ አንዱ ዘፈን በቂ መልስ ነው።

ሦስተኛው ኤሌክትሪክ ሌዲላንድ ነው፤ በኦክቶበር 1968 ወጣ፤ ሁለት ሸክላ በአንድ ሽፋን። አብዛኛው የተሠራው በኒው ዮርክ ሪከርድ ፕላንት በሚባለው አዲስ ስቱዲዮ ነው። አሁን ገንዘብ አለ፤ ጊዜም አለ። ሄንድሪክስ አንዱን ዘፈን ከአርባ ጊዜ በላይ ያስደግም ጀመር። ወዳጅ ነኝ ባይ ሁሉ ስቱዲዮውን ሞላው። ቻንድለር ይህን ሊታገሥ አልቻለም፤ ሥራው ሳያልቅ በሜይ 1968 ተሰናበተ። ኖኤል ሬዲንግም እየተቈጣ ይወጣ ስለ ነበር በአንዳንዱ ዘፈን ቤዙን የመታው ሄንድሪክስ ራሱ ነው። ስለዚህ በዚህ ሸክላ ላይ ወሳኙ አንድ ሰው ብቻ ሆነ፤ በሽፋኑም ላይ ያዘጋጀውና የመራው ጂሚ ሄንድሪክስ ነው ተብሎ ታተመ።

የሸክላ አንዱ ገጽ ሃያ ደቂቃ ያህል ይይዛል። ሄንድሪክስ ከዚህ ላይ አሥራ አምስቱን ደቂቃ ቩዱ ቻይል ለተባለ አንድ ብሉዝ ሰጠ። ከቦብ ዲላንም አንድ ዘፈን ወሰደ። ይኸውም ኦል አሎንግ ዘ ዎችታወር ሲሆን፣ ዲላን በ1967 መጨረሻ ያወጣው በጊታርና በሃርሞኒካ የተዘፈነ ጸጥ ያለ ዘፈን ነበር። ሄንድሪክስ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ስቱዲዮ ገብቶ ሠራው፤ ወራትም ፈጅቶ ጊታር በጊታር ላይ እየደረበ ማዕበል አደረገው። ከዚያ ወዲህ ዲላን ራሱ በመድረክ ላይ ዘፈኑን የሚጫወተው ሄንድሪክስ በቀደደለት መንገድ ነው። ይህም ሄንድሪክስ የሚወደውን ሸክላ ምን ያደርግ እንደ ነበር የሚያሳይ ሁለተኛ ማስረጃ ነው።

ሸክላው በአሜሪካ አንደኛ ወጣ። ለሽፋኑ ግን አሁንም አልሰሙትም። ሊንዳ ኢስትማን ያነሣችውን፣ ጓዱ በኒው ዮርክ መናፈሻ ከሕፃናት ጋራ የተቀመጠበትን ፎቶግራፍ እንዲያትሙለት ለኩባንያው በደብዳቤ ለምኖ ነበር። በእንግሊዝ አገር የወጣው ግን ዕራቍታቸውን የተቀመጡ ሴቶች የሚታዩበት ሽፋን ነው። በውስጡ ያለው ሁሉ የእርሱ ምርጫ ሆኖ፣ ልብሱ ግን የሌላ ሰው ምርጫ ሆነ።

በ1968ና በ1969 ሎንዶን ሲሆን የሚኖረው በብሩክ ጎዳና በቍጥር 23 ቤት ነበር። ቀጥሎ ባለው በቍጥር 25 ደግሞ በ18ኛው መቶ ዓመት ጆርጅ ፍሬድሪክ ሃንደል ኖሮበታል። ሄንድሪክስ ይህን በሰማ ጊዜ ሄዶ የሃንደልን ሸክላዎች ገዛ፤ መሲሕ የተባለው ሥራም ከእነርሱ አንዱ ነው። በቤቱ ከነበሩት ሸክላዎች መካከል የብሉዝ፣ የሮክ፣ የዲላን፣ የሃንደልም ይገኙባቸዋል። ቤቱም ዛሬ ሙዚየም ሆኖ ይጐበኛል። ሮክ የሚሰማ ሰው ሌላ አይሰማም የሚል ቢኖር ይህን መደርደሪያ ያስብ።

በጁን 1969 የሦስቱ ሰዎች ጓድ ፈረሰ። በኦገስት 18 ቀን 1969 ሄንድሪክስ በውድስቶክ በዓል መጨረሻ፣ አብዛኛው ሕዝብ ሄዶ ባለቀበት ሰኞ ጧት፣ የአገሩን ብሔራዊ መዝሙር በጊታሩ ብቻ ተጫወተ። በመዝሙሩ መካከል የቦንብና የሮኬት ድምፅ ከጊታሩ ይወጣ ነበር። ያን ጊዜ በቬየትናም ጦርነት ነበር፤ ሄንድሪክስም አየር ወለድ የነበረ ሰው ነው። ድምፁ ምን ማለት እንደ ሆነ ሰው ሁሉ እንደ ልቡ ተረጐመው።

አሁን ያች የ1965 ፊርማ ተመለሰች። ሄንድሪክስ ስሙ እንደ ገነነ ቻልፒን ውሉን ይዞ ተነሥቶ ነበር፤ በ1967 መጨረሻም ሄንድሪክስ ከከርቲስ ናይት ጋራ በአጃቢነት የቀዳቸው ዘፈኖች፣ የሄንድሪክስ ፎቶግራፍ ተለጥፎባቸው እንደ አዲስ ሥራው ለገበያ ወጡ። ክርክሩ ያለቀው አንድ ሙሉ ሸክላ ለካፒቶል ኩባንያ እንዲሰጥ በመስማማት ነው። ሄንድሪክስ ይህን ዕዳ ለመክፈል ከጥንት ጓደኛው ከቢሊ ኮክስና ከድራም መቺው ከባዲ ማይልስ ጋራ ሆኖ በኒው ዮርክ ፊልሞር ኢስት በተባለው ቲያትር በአዲሱ ዓመት፣ በጃንዩወሪ 1 ቀን 1970፣ በሕዝብ ፊት ተጫወተ። ባንድ ኦቭ ጂፕሲስ የተባለው አራተኛው ሸክላ ከዚህ ተቀድቶ በማርች 1970 ወጣ።

ለዕዳ የተሠራ ሥራ ግዴታን ለመወጣት ብቻ የተሠራ ይመስላል። በዚህ ሸክላ ላይ ያለው ማሽን ጋን የተባለው ዘፈን ግን ከአሥራ ሁለት ደቂቃ በላይ የሚወስድ፣ የጦርነትን ድምፅ ከነልቅሶው የሚያሰማ ነው። ብዙ የጊታር ዐዋቂዎች ከሥራው ሁሉ የሚያስቀድሙት ይህን ነው። ሰውየው በአንድ ዶላር ለተያዘበት ውል እንኳ ግማሽ ልቡን አልሰጠም።

በኦገስት 26 ቀን 1970 በግሪኒች ቪሌጅ የራሱ ስቱዲዮ ኤሌክትሪክ ሌዲ ተመረቀ። ከእንግዲህ ኪራይ የለ፣ ሰዓት ቈጣሪ የለ። ለሚቀጥለው ሸክላ ያሰባቸውን ዘፈኖች በወረቀት ዘርዝሮ ነበር። በማግስቱ ወደ አውሮፓ ሄደ፤ ወደ ስቱዲዮው አልተመለሰም። በሴፕቴምበር 18 ቀን 1970 በሎንዶን፣ የእንቅልፍ መድኀኒት ከልክ በላይ ወስዶ፣ በተኛበት ትውከቱ አፍኖት ሞተ። ዕድሜው 27 ዓመት ነበር። አስከሬኑም ከሲያትል አጠገብ በሬንተን ተቀበረ።

ከሞተ በኋላ የወጡት ሸክላዎች በሕይወቱ ሳለ ከወጡት ይበዛሉ። በ1971 ኤዲ ክሬመርና ሚች ሚቸል ያልጨረሳቸውን ዘፈኖች አሰናድተው ዘ ክራይ ኦቭ ላቭን አወጡ፤ እነዚህ አሳቡን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። በ1975 ግን ክራሽ ላንዲንግ በተባለው ሸክላ ላይ፣ የሞተው ሰው ጊታርና ድምፅ ተወስዶ፣ አብሮት ያልሠሩ ሙዚቀኞች በዙሪያው እንዲጫወቱ ተደረገ። አባቱ የሥራዎቹን መብት በ1995 በፍርድ ቤት ክርክር አስመለሰ። በ1997 ቤተ ሰቡ፣ ሊሠራው አስቦት የነበረውን ሸክላ ለመምሰል የተሰናዳ ሌላ አወጣ። መልካም ሥራ ነው። ይሁን እንጂ አንዱን ዘፈን አርባ ጊዜ ያስደግም የነበረ ሰው የትኛውን ቅጂ ይመርጥ እንደ ነበር ማን ያውቃል? የሞተ ሰው አይመርጥም። ስለዚህ እነዚህን መስማት ያስደስታል፤ ከአራቱ ጋራ በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ግን ፍርድን ማዛባት ይሆናል።

እንግዲህ ብይን እንስጥ። የመጀመሪያውን ሸክላ የሚመርጡ ሰዎች ክርክራቸው ብርቱ ነው። ልጓም ያለው ፈረስ ይሻላል፤ ቻንድለር ከሄደ በኋላ ሄንድሪክስን በቃ የሚለው ሰው ጠፋ ይላሉ። እውነት አላቸው፤ በኤሌክትሪክ ሌዲላንድ ላይ የተንዛዛ ቦታ አለ። አራተኛውን የሚመርጡም ማሽን ጋንን ይጠራሉ፤ በዚህም የሚረታቸው የለም። ነገር ግን አንድ ዘፈን ሌላ ነው፤ ሸክላ ሌላ ነው።

በበኩሌ የምመርጠው ኤሌክትሪክ ሌዲላንድን ነው። የመጀመሪያውን ገንዘብ ማጣት፣ ሁለተኛውን የቀን ቀጠሮ፣ አራተኛውን ዕዳ ቀረጹት። ሄንድሪክስ ምን ይቀመጥ፣ ምን ይጣል፣ መቼ ይበቃል የሚለውን ራሱ የወሰነበት ሸክላ ግን ሦስተኛው ብቻ ነው። መንዛዛቱም ቢሆን የራሱ መንዛዛት ነው። ሰውን ለማወቅ ከፈለግን፣ ነፃ በነበረበት ሰዓት የሠራውን መመልከት ይበልጣል። በዚያ ሸክላ ላይ የድሮው ብሉዝ፣ የዲላን ዘፈን፣ ከቶ ያልተሰማ የባሕር ውስጥ ሕልም የሚመስል ድምፅ በአንድ ላይ ይገኛሉ፤ ይህም ያን የብሩክ ጎዳና መደርደሪያ ይመስላል።

ሁለት ነገር ጨምረን እንፈጽም። አንደኛው፣ ብዙዎቻችን በቅርቡ ከዚህ ግቢ ወጥተን ሥራ እንይዛለን፤ ውልም ይቀርብልናል። ችግር ያለበት ሰው ለመፈረም ይቸኵላል። የሄንድሪክስ አንድ ዶላር ግን አንድ ሙሉ ሸክላና ብዙ ጭንቀት አስከፈለችው። ሁለተኛው፣ የሸክላ ክርክራችን ይቀጥል፤ ሰውየው ግን ክርክሩ የሚያልቅበትን ቦታ አሳይቶናል። ሳርጀንት ፔፐርን ወደደ፤ በሦስተኛው ቀን ተጫወተው። ዲላንን ወደደ፤ ዘፈኑን አሳድጎ መለሰለት። የሃንደል ጐረቤት መሆኑን ሰማ፤ ሄዶ ሸክላውን ገዛ። እኛም ጓደኛችን ካመጣው ሸክላ ጋራ ከመጣላታችን በፊት ሁለቱንም ገጽ እስከ ፍጻሜው እንስማለት።